የቀማሽ ሚዛን

መስቀል ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ጉንችሬ ደረስኩ። ጉራጌ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ በየከተማው የነገደውም፣ የተማረውም፣ የተቀጠረውም በዚያ ሳምንት የእናት አባቱን ደጃፍ ይረግጣል። ወንዶች ለሰንጋው ገንዘብ፣ ሴቶች ለክትፎው ቅቤ ሲያጠራቅሙ የሚከርሙት ለዚህ ነው። የአክስቴ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ከእንሰቱ ጥግ ነው። ስገባ ጓዳ ነበሩ። ከፊታቸው ትልቁ ጋን ተከድኖ፣ አፉ ዙሪያውን በጭቃ ተመርጎ ቆሟል።

ጭቃውን በቢላ ጫፍ ፈልፍለው ክዳኑን አነሡት። ፊታቸውን ወደ ጋኑ አፍ አስጠግተው አሸተቱ። ከዚያ በጣሳ ትንሽ ጨለፉና ከጣሳው ላይ ግራ መዳፋቸው ውስጥ ጠብ አደረጉ፤ ጉንጭ እንኳ አይሞላም። ወደ አፋቸው ወስደው አጣጣሙት። ዝም አሉ። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

«ደርሷል» አሉ በመጨረሻ። «ወይራው ግን እርጥብ ነበር።»

ጣሳውን ወደ ጋኑ መለሱና ሊከድኑ ሲሉ፣ «አክስቴ፣ አይጨምሩም እንዴ?» አልኳቸው።

«ቀመስኩ እኮ ልጄ። የቀረው መጠጣት ነው።»

ይህ መልስ በዓሉ አልፎ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም አልለቀቀኝም። ዘወትር የምንናገራቸው ሁለት ቃላት፣ መቅመስና መጠጣት፣ በመካከላቸው ይህን ያህል ስፋት እንዳለ አስቤ አላውቅም ነበር። አማርኛችን ግን ቀድሞ አስቦበታል። «እህል አልቀመስኩም» የሚል ሰው ጥቂት እንኳ ወደ አፉ አላስገባም ማለቱ ነው። «መከራን ቀምሷል» ሲባል ደግሞ ያ ሰው ነገሩን በወሬ ሳይሆን በራሱ ሥጋ ያውቀዋል ማለት ነው። መቅመስ በመጠን ትንሽ ነው፣ በዕውቀት ግን ሙሉ። «ጠጪ» ብንለው የሚቆጣ ሰው «ቀማሽ» ብንለው አይቆጣም፤ ጠጪ ለመጠጡ የተሰጠ ሰው ነው፣ ለቀማሽ ግን መጠጡ ነው የሚሰጠው።

አክስቴ የቀመሱት ቀጭን ጠላ አልነበረም፤ ለበዓል የሚዘጋጀው፣ ውኃው የተቆጠበ፣ ተጣርቶ የሚቀዳው ፊልተር ነበር። የዚህን መጠጥ ብርታት ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበጃል። ከደጋው የመጣው ገብስ ውኃ ውስጥ ያድርና በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ገብሱ ተክል የሚሆን መስሎት ይነቃል፤ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ለመለወጥ ይሰናዳሉ፤ ነጫጭ ሥሮች ብቅ ይላሉ። በዚያን ጊዜ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ይፈጫል። ብቅል የምንለው ይህ መንገድ ላይ የተገታ ሕይወት ነው። በሌላ በኩል የተወቀጠ ጌሾ ከውኃ ጋር ሆኖ ይጠነሰሳል። ከቀናት በኋላ ቂጣ ተቆርሶ፣ ብቅሉ ተነስንሶ፣ በምጣድ ላይ እየታሸ የጠቆረው እንኩሮ ተጨምሮ ድፍድፍ ይሆናል። ጋኑ ቀድሞ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ታጥኗል። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮል ያወጣል፤ ድፍድፉም ቡፍ ቡፍ ይላል። በመጨረሻ የሚጨመረው ውኃ ነው፣ የመጠጡንም ዕጣ የሚወስነው ይኸው ውኃ ነው። ከአንድ ድፍድፍ ብርቱ ፊልተር ይወጣል፤ አተላው ላይ እንደገና ውኃ ሲገባበት ደግሞ ልጅም ሽማግሌም የሚጎነጨው ቅራሪ ይወጣል። ተራ ጠላ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ከመቶ አልኮል ሲኖረው፣ ፊልተር እስከ 5 እና 6 ከመቶ ይደርሳል።

ይህን ልማድ የእንግሊዝ ጠማቂዎችም በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ከአንድ ብቅል መጀመሪያ የሚወርደውን ወፍራም ጭማቂ ለብቻው ይጠምቁና ከ8 እስከ 12 ከመቶ አልኮል ያለው ብርቱ ቢራ ያወጣሉ። በዚያው ብቅል ላይ ሁለተኛ ውኃ ሲፈስበት የሚወርደው ለዘወትር የሚጠጣ ስስ ቢራ ይሆናል። ብርቱውን «የገብስ ወይን» ይሉታል። ስሙ በንግድ የታወቀው በርተን አፖን ትሬንት በተባለችው የጠማቂዎች ከተማ፣ የባስ ኩባንያ «ቁጥር 1» ብሎ ይሸጠው በነበረው ቢራ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮው አንከር እ.ኤ.አ. በ1975 ጠምቆት ለብዙ ጠማቂዎች በር ከፈተ። ወይን የተባለው ወይን ስላለበት አይደለም። እንደ ወይን ስለሚበረታ፣ እንደ ወይንም በጓዳ ለዓመታት ስለሚቀመጥ ነው። የእኛ ፊልተር ከሁለት ሳምንት እምብዛም አይዘልም፤ ያኛው ግን ዓመት ሲጨምር የሆፕሱ (የእነሱ ጌሾ) ምሬት እየለዘበ የደረቀ ፍሬ፣ የማርና የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ያመጣል።

ስሙ ግን በርተንን እጅግ ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ ግሪካዊው ዜኖፎን ከሠራዊት ጋር በአርመን ተራሮች ሲያልፍ በየመንደሩ የገብስ ወይን እንዳገኘ ጽፏል። መጠጡ በትልልቅ ዕቃ ተቀምጧል፣ የገብሱ ፍሬ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሰዎቹ በመቃ ይመጥጡታል። ውኃ ካልተቀላቀለበት በጣም ብርቱ እንደሆነ፣ ለለመደው ግን ደስ የሚያሰኝ እንደሆነ ይናገራል። «ለለመደው» የምትለዋ ቃል ታስደንቀኛለች። እንግዳ ሆኖ የቀመሰው ያ ሰው ፍርዱ ለምላስ ልማድ ቦታ እንዲተው አድርጓል። በእኛም አገር ገብስና መጠጥ ከተገናኙ ዘመን የለውም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና ስላፈለሳቸው የቤጃ ሰዎች በድንጋይ ሲያስጽፍ፣ ከተሰጣቸው ቀለብ መካከል ዳቦውንና ስዋውን ቆጥሯል። ትግርኛ ዛሬም ጠላን ስዋ ይለዋል።

እንግዲህ ብርቱ መጠጥ ጥንታዊ ነው፤ ጥንታዊ ያልሆነው በቁጥር መመዘኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም ዳኞቹ ከ50 ነጥብ እንዲሰጡ ያደርጋል፦ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ ለአፍ ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10። መልክ ከ50 ነጥብ 3 ብቻ መያዙን ሳይ አክስቴን አስታወስኩ፤ ጋኑን ሲከፍቱ ቀድመው ያሸተቱት ሳያዩት ነበር። ጓዳው ጨለማ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ውስጥ ግን ከሁሉ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የወይን ቀማሾች ያጣጥሙና ይተፋሉ። የቢራ ቀማሾች ግን ምሬቱን እስከ ጉሮሮ ተከትለው ለማወቅ ብዙውን ጊዜ ይውጡታል። ስለዚህ ብርቱዎቹ ቢራዎች በተራው መጨረሻ ይቀርባሉ፤ ቀድመው ቢቀርቡ ምላስንም አእምሮንም ይወርሳሉና። ጥያቄዬ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ወርቅ ሲመዘን ሚዛኑን አይለውጠውም። ጨርቅ ሲለካ ክንድን አያሳጥርም። ብርቱ መጠጥ ግን በተመዘነ ቁጥር መዛኙን ይለውጠዋል። ሁለተኛው ጉንጭ የሚቀርበው በመጀመሪያው ጉንጭ ለተነካ ሰው ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በሁለቱ ለተነካ። ታዲያ ስለዚህ መጠጥ እውነቱን የሚናገረው የትኛው ሰው ነው?

ነገሩ በጋኑ ውስጥም አለ። እርሾው ስኳሩን አልኮል እያደረገ ይሄዳል፤ አልኮሉ ሲበዛ ግን ያንኑ ሠሪውን እርሾ ያዳክመዋል፣ ከልክ ካለፈም ሥራውን ያቆመዋል። ብርቱ ቢራ ለመጥመቅ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሠሪውም ቀማሹም በዚያው ነገር ይፈተናሉ።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ የመስቀል ማግስት፣ ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዤ ሳለሁ፣ ሁለት ዘመዶቼ የሚከራከሩበትን የወሰን ነገር ሰማሁና ፍርድ ተናገርኩ። አንዱን አጥፊ፣ ሌላውን ተበዳይ አልኩ። በማግስቱ ቃሌን ሳስበው ግማሹን ነገር ሳልሰማ እንደፈረድኩ ገባኝ። ያስደነገጠኝ ስሕተቱ ብቻ አልነበረም። እንደዚያ ምሽት እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም ነበር። መጠጡ ማስተዋሌን ሲቀንስ እርግጠኝነቴን ጨምሮታል። ብርቱ መጠጥ ሚዛኑን ማጉደሉ ሳያንስ ሚዛኑ ሙሉ እንደሆነ ያስምላል። ዘመዶቼን ለማስታረቅ ሽማግሌዎች ብዙ ደከሙ፣ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁ።

ታዲያ ጣዕምን መመዘን ከንቱ ነው ወይ? ብዙ ሰው «ጣዕም እንደ ምላሱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ ሲጽፍ ከዶን ኪኾቴ ልብ ወለድ አንድ ታሪክ ይዋሳል። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ይቀምሳሉ። አንዱ «መልካም ነው፣ ጥቂት ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሌላው «መልካም ነው፣ ብረት ብረት ይላል» አለ። ተሳቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሁለቱም እውነት ተናግረው ነበር።

«ወይራው እርጥብ ነበር» የሚለው የአክስቴ ቃል ልክ እንደዚያ ቁልፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ጋኑን ያጠነችውን የጎረቤት ልጅ ስጠይቃት፣ ከማጠኗ በፊት ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ደረቅ እንጨት አጥታ ከደጅ ያገኘችውን እንደማገደች ነገረችኝ። እርጥብ ወይራ ሲጨስ ይጎመዝዛል፤ ያ ጉምዛዜ ከሸክላው ወደ ጠላው ይገባል። እኔ ስቀምሰው የተሰማኝ «ጭስ ጭስ ማለት» ብቻ ነበር። አክስቴ ግን ከዚያች መዳፍ ውስጥ ዝናቡን፣ እንጨቱን፣ የልጅቱን ችኮላ ሳይቀር ቀምሰዋል። እንግዲህ ጣዕም የምላስ ብቻ አይደለም፤ ከጋኑ ሥር የሚገኝ እውነት አለው፣ የሚለያየን ያንን ለመስማት ያለን ዝግጅት ነው። አክስቴ ይህን ያህል ለመስማት ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋን አጥበዋል፣ ጌሾ ወቅጠዋል፣ እንኩሮ አገላብጠዋል።

ከዚህ ላይ የቃና ዘገሊላው ሰርግ ይታወሰኛል፤ በየዓመቱ ጥር 12 የምናስበው። በዮሐንስ ወንጌል እንደምናነበው የድግሱ አሳዳሪ ወይን የሆነውን ውኃ ሲቀምስ ከወዴት እንደመጣ አያውቅም ነበር፤ ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር። በዚያ አዳራሽ ሁለት ዕውቀት ተገናኝቷል። አሳዳሪው ምንጩን ስለማያውቅ ፍርዱ ለማንም አላደላም፤ ያገኘውን ጣዕም ብቻ ተናገረ። አገልጋዮቹ ምንጩን ስለሚያውቁ ምስክርነታቸው ሥር አለው። በውድድር ላይ የዛሬ ዳኞች የጠማቂውን ስም ሳያዩ የሚቀምሱት አሳዳሪውን ለመምሰል ነው። የጓዳ እናቶች ደግሞ በቀጂዎቹ ወገን ናቸው። አንድ መጠጥ በትክክል የሚታወቀው ሁለቱ ምስክሮች ሲስማሙ ነው።

በአክስቴ ቤት ግን ሦስተኛ ምስክር አገኘሁ። ጉንችሬ ባለችበት በእነሞር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራል፤ በበዓልም ይጠያየቃል። አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ጎረቤት እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጥተው ቡና ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል። ስለ ጠላው ሲወራ ሰምተው ቆዩና፣ «እኔ ጠላ በአፌ ገብቶ አያውቅም» አሉ፤ «ግን ደጉን ከክፉው እለየዋለሁ። የሚጠጣውን ሰው ድምፅ እሰማለሁ። ሲቀመጥ እንዴት ያወራል? ሲነሣስ እንዴት ይሰናበታል?»

ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላየሁም። በ50 ነጥቡ ሠንጠረዥ ላይ የመሰናበቻ ነጥብ የለም። መጠጡ ለቀማሹ ምን እንደሆነ እንጂ ቀማሹ ለቤቱና ለጎረቤቱ ምን እንደሆነ አይጠየቅም። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ የጠጪውን ፍርድ የሚደግፈው የማይጠጣው ጎረቤት ምስክርነት ነው። መዛኙን የሚለውጥ ነገር ሲመዘን፣ ያልተለወጠ ሰው ዳር መቀመጡ ግድ ነው።

ብርታትን በቁጥር ማወቅ ጥሩ ነው። ከወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ላይ በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ ስሙንም ከጉራጌ ሰንሰለታማ ተራሮች ከዘቢዳር የወሰደው ቢራ ጠርሙሱ ላይ የአልኮል መጠን ተጽፎ ይወጣል። ገዢው ምን ያህል እንደሚወስድ ያውቃል፤ ይህ የጋኑ ጠላ የማይሰጠው ጥቅም ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚነግረኝ ስለ ጠርሙሱ ነው እንጂ ስለ እኔ አይደለም። ብርቱ መጠጥ መልካም ሲሆን ብርታቱን በጣፋጭነትና በልስላሴ ይሸፍናል፤ የገብስ ወይን ጠማቂዎች የሚደክሙት አልኮሉ ጉሮሮ እንዳያቃጥል ነው። ስለዚህ ጥሩ ሲሆን የበለጠ ያታልላል። መጥፎ አረቄ ራሱን ያስነግራል፣ ያቃጥላል፣ ያስጠነቅቃል። ጥሩ ፊልተር ግን እንደ ወዳጅ ይቀርባል። ማስተዋል የሚያሻው ከመጥፎው ይልቅ በመልካሙ ፊት ነው።

አማርኛ «ሥልጣን አሰከረው»፣ «ሀብት አሰከረው»፣ «ሙገሳ አሰከረው» የሚለው ለማስዋብ ብቻ አይመስለኝም። እነዚህም መዛኛቸውን የሚለውጡ ነገሮች ናቸው። ሥልጣን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ጥቂት መያዝ ያሻል፤ ብዙ የያዘው ግን ስለ ሥልጣን የሚሰጠው ፍርድ የሦስተኛ ብርጭቆ ፍርድ ነው። ሙገሳም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሙገሳ ሥራችን የት እንደደረሰ ያሳውቀናል፤ አሥረኛው ሥራችንን ማየት ያስተወናል። ከእነዚህ ነገሮች ፈጽሞ መራቅ ለጥቂቶች የተሰጠ መንገድ ነው፣ የሚከበርም ነው። ለቀረነው የተሰጠን የአክስቴ መንገድ ነው፦ በመዳፍ መቅመስ፣ የቀመሱትን በጥራት መናገር፣ ከዚያ ክዳኑን መመለስ።

የመዳፏ ቅምሻ በአገራችን ለእንግዳ የሚቀርብ መሐላም ናት። የሚያቀርበው ሰው ከእንግዳው ቀድሞ በመዳፉ ይቀምሳል፤ ክፉ ነገር ቢኖርበት በእኔ ይጀምር ማለት ነው። ስለዚህ ቀማሽ ፍርድ ሰጪ ብቻ አይደለም፣ ለፍርዱም ዋስ ነው። የወሰን ክርክሩን ስፈርድ የጎደለኝ ይኸው ነበር፤ ቃሌ የሚያመጣውን እኔ ቀድሜ አልቀመስኩትም፣ የቀመሱት ዘመዶቼ ናቸው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ብርቱ ነገር ሲቀርብልህ፣ መጠጥም ይሁን ሹመት ወይም ውዳሴ፣ ፍርድህን በመጀመሪያዋ መዳፍ ላይ ስጥ፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጠው ፍርድ ያንተ ላይሆን ይችላል። የማይጠጣ ጎረቤትህንም ከአጠገብህ አታርቀው።

በመስቀል ዕለት ቤቱ ሞላ፤ ጋኑ እስከ ማታ ጎደለ። አክስቴ ሲቀዱ ዋሉ እንጂ ከዚያች መዳፍ በላይ አልቀመሱም። ማታ እንግዳው ሲሰናበት ደጃፍ ላይ ቆመው እያንዳንዱን በስሙ ሸኙት።